«እሱ እኮ በመሣሪያ ነው የሳለው!» እና ሌሎች ስለ ማያ ከተሞች አሳሾች የሚወሩ ስህተቶች

ሥራዬ አሮጌ ቤት መለካት ነው። ሜትርና እርሳስ ይዤ እገባለሁ፤ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ለክቼ በወረቀት አወጣዋለሁ። ተለማማጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማሳየው ግን የቤት ፕላን አይደለም። ፍሬደሪክ ካተርውድ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት በ1839 ሆንዱራስ ውስጥ፣ ኮፓን በተባለችው ጥንታዊ የማያ ከተማ ፍርስራሽ ላይ የሳለውን ሐውልት ነው። ድንጋዩ ላይ ጣት የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ፊት፣ ላባ፣ እባብ፣ ጽሑፍ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠላልፏል። «እስቲ ይህን ገልብጡልኝ» እላለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ እርሳሱን ያስቀምጥና ያችን ነገር ይናገራታል። «እሱ እኮ በመሣሪያ ነው የሳለው!»

ዘንድሮም ተባልኩ። የዘንድሮው ልጅ ጭራሽ ስልኩን አውጥቶ የመሣሪያውን ሥዕል አሳየኝ። አንብቦ መጥቷል ማለት ነው። ግማሹን።

ስለነዚህ አሳሾች የሚወራው ስህተት ብዙ ነው። የኔን ንዴት ላቆየውና ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ላራግፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የጠፉ ከተሞችን አገኙ።»

ከማን ነው የጠፉት? ዲዬጎ ጋርሲያ ደ ፓላሲዮ የተባለ የስፔን ባለሥልጣን ስለ ኮፓን ለንጉሡ የጻፈው በ1576 ነው። ሌላዋን የማያ ከተማ ፓሌንኬን ደግሞ ካፒቴን አንቶኒዮ ዴል ሪዮ በ1787 ሠዓሊ አስከትሎ ሄዶ መርምሯታል። ካተርውድና ጓደኛው አሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስ ሲደርሱ ኮፓን ባለይዞታ ነበራት፤ ኡሽማል የተባለችው የማያ ከተማ ደግሞ በአንድ ባለርስት መሬት ላይ ነበረች። ቲካል በ1848 በመንግሥት መዝገብ ስትገባም ሞዴስቶ ሜንዴስ የሚባለውን ሹም የመራው አምብሮሲዮ ቱት የተባለ የአካባቢው ሰው ነው። በነዚህ የጉዞ ታሪኮች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ገጀራ ይዞ ከፊት የሚሄድ የአገሬው ሰው አለ። ስሙ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

«ስቲቨንስ አርኪዮሎጂስት ነበር።»

ጠበቃ ነበር። ፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን ወደ መካከለኛው አሜሪካ ፌዴሬሽን መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ሲደርስ ፌዴሬሽኑ በእርስ በርስ ጦርነት እየፈረሰ ነበር። ሰውየው የሹመት ደብዳቤውን የሚቀበለው መንግሥት ፍለጋ ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። መንግሥቱን አላገኘም፤ ፍርስራሹ ቀናው።

«ኮፓንን በ50 ዶላር ገዝቶ ዘረፋት።»

50 ዶላር መክፈሉ እውነት ነው። ሻጩን ለማሳመን የንስር ምስል ያለባቸው ትልልቅ ቁልፎች ያሉትን የዲፕሎማት ኮቱን ለብሶ እንደቀረበ ራሱ ጽፏል። ሐውልቶቹን ኒው ዮርክ የመውሰድ ሐሳብም ነበረው። ግን የኮፓን ድንጋዮች እዚያው ቀሩ።

ጉዳቱ የመጣው በሁለተኛው ጉዞ ነው። ከኡሽማልና ከካባህ ቅርጽ ያለባቸውን የበር ላይ እንጨቶች ነቅለው ኒው ዮርክ ወሰዱ። ካተርውድ እዚያ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ነበረው፤ ዕቃው እዚያ ገባ። ጁላይ 31 ቀን 1842 አዳራሹ በእሳት ጋየ። በዚያ ሁሉ ዝናብና ሙቀት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ እንጨት ኒው ዮርክ ገብቶ ዓመት አልሞላውም። «ባይወስዱት ይጠፋ ነበር» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

«ማያዎች ድራሻቸው ጠፍቷል።»

አልጠፉም። ዛሬ በጓቲማላ፣ በሜክሲኮ፣ በቤሊዝና በሆንዱራስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማያዎች ይኖራሉ፤ 30 ገደማ ቋንቋዎች ይናገራሉ። የመጨረሻዋ ነጻ የማያ መንግሥት በስፔን እጅ የወደቀችው በ1697 ነው። ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር ያኔ።

«ዓለም በ2012 ያልቃል ብለዋል።»

አላሉም። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ነበር፤ በማግስቱ ደህና አደርን። ፓሌንኬ ላይ እስከ 4772 ድረስ የሚቆጥር ጽሑፍ አለ።

«ግብፆች ናቸው የሠሩት። ካልሆነም የጠፉት የእስራኤል ነገዶች።»

ይኼኛው ሰው ጨርሷል። ሎርድ ኪንግስቦሮ የሚባል የአየርላንድ ባላባት ነገዶቹ አሜሪካ ገብተዋል ብሎ አምኖ፣ ማስረጃ ይሆነኛል ያለውን ግዙፍ መጽሐፍ ሲያሳትም ሀብቱ አለቀ። በ1837 ደብሊን ውስጥ በዕዳ ታስሮ ሞተ።

መልሱ ግን ከእሱ በፊት ተጽፎ ነበር። የማያ መጻሕፍትን ያቃጠለው ጳጳስ ዲዬጎ ደ ላንዳ እንኳ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃዎቹን የሠሩት የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ናቸው ብሏል። በ1830ዎቹ ሁዋን ጋሊንዶ የተባለ የመካከለኛው አሜሪካ ባለሥልጣን የድንጋዩን ፊትና የገበሬውን ፊት አስተያይቶ ተመሳሳይነቱን ጻፈ። ስቲቨንስና ካተርውድ ደግሞ ግብፅን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ካተርውድ ካርናክን ሥሏል፤ በ1833 ኢየሩሳሌም ላይ የአለቱን ጉልላት መስጊድ የግብፅ መሐንዲስ መስሎ ገብቶ ለክቷል። ሁለቱም ማያን አይተው «ይህ ግብፅ አይደለም» አሉ። ስቲቨንስ ሠሪዎቹ እዚያው የሚኖሩት ሰዎች አያቶች ናቸው ብሎ በ1841 አሳተመ።

እኛ ደግሞ ይህን ዘፈን እናውቀዋለን። ላሊበላን ከአውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ሠሩት ሲባል ደማችን ይፈላል። ታላቋን ዚምባብዌ ለፊንቄያውያንና ለንግሥተ ሳባ የሰጧት ነበሩ። እንዲህ እየተናደድን ማኪያቶ ይዘን «ፒራሚድ ስላላቸው ማያዎች ከግብፅ መጥተው መሆን አለበት» እንላለን። እንዴት ነው ነገሩ?

አሁን ወደ ራሴ ንዴት።

«እሱ እኮ በመሣሪያ ነው የሳለው!»

አዎ፣ ካሜራ ሉሲዳ ነበረው። ስሙ ነው ሰዉን የሚያሳስተው። ካሜራ አይደለም፤ ምንም ነገር አይቀርጽም። በዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካች ትንሽ ፕሪዝም ናት። በጠርዟ በኩል ቁልቁል ስታይ ፊት ለፊትህ ያለው ሐውልትና ከሥርህ ያለው ወረቀት ተደራርበው ይታዩሃል። ወረቀቱ ላይ ግን ምንም የለም። ምስሉ ያለው ዓይንህ ውስጥ ብቻ ነው። አንገትህን ትንሽ ካነቃነቅክ ምስሉ አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ሲበራ ሐውልቱ ይደበዝዝብሃል፤ ሐውልቱ ሲበራ የእርሳስህ ጫፍ ይጠፋብሃል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አንዲት ቀላል መስኮት ለመሳል ፈልጌ አንገቴን ለሁለት ቀን አመመኝ፤ መስኮቷም ተጣመመች።

ካተርውድ ደግሞ ፀሐይ የማይገባበት ጫካ ውስጥ ነበር። ስቲቨንስ የኮፓንን የመጀመሪያ የሥዕል ቀን ሲተርክ ጓደኛው እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ከትንኝ ለመዳን ጓንት አጥልቆ ሲሥል እንዳገኘው ይናገራል። በካሜራ ሉሲዳም ሞከረ፤ ያለሱም ሞከረ። አልሆነለትም። ከዚያ በፊት ካየው ሁሉ የተለየ ስለነበር እጁ አልታዘዝለት አለ። ዛፍ ላይ የነበሩ ሁለት ጦጣዎች የሚስቁበት ይመስሉ ነበር ይላል ስቲቨንስ። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ያን ቀን በእጁ ነበር። መሣሪያ የሚሥል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይሥል ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉት እኛ ዛሬም የምናደርገውን ነው። ዛፍ አስቆርጠው ብርሃን አስገቡ። ካተርውድ ወረቀቱን በክፍል በክፍል ከፋፈለ፤ መጠኑ እንዳይዛባ። በካሜራ ሉሲዳ ያወጣው የውጭውን መስመር ነው። ውስጡን የሞላው በዓይኑና በእጁ ነው፤ አንዷን እባብ ከሌላዋ ላባ እየለየ። ለመጽሐፉ የተዘጋጁትን የመጀመሪያዎቹን የእንጨት ቅርጾች አዩና፣ ሥዕልነታቸው ግሩም ቢሆንም የድንጋዩን መልክ አልያዙም ብለው ጣሏቸው። ገንዘብና ጊዜ ከስረው በብረት አስቀረጹ። እስቲ ዛሬ «ያምራል ግን ትክክል አይደለም» ብሎ ሥራ የሚመልስ ደንበኛ አሳዩኝ!

ጎበዝ እጅ ብቻውን፣ ያለ ታማኝ ዓይን ምን እንደሚያወጣ ማወቅ የፈለገ ዣን ፍሬደሪክ ዋልዴክን ይመልከት። ከእነሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፓሌንኬ ፍርስራሽ ውስጥ የኖረ ሠዓሊ ነው። እጁ ጎበዝ ነበር፤ ከካተርውድ አያንስም ባይ ነኝ። ግን ሕንፃዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ናቸው ብሎ አምኖ ስለነበር ፊደሎቹ ውስጥ የዝሆን ራስ ሣለ። ዝሆን! መካከለኛው አሜሪካ! ካተርውድ ግን ያልገባውን እንዳልገባው ሣለው። አንዲትም ፊደል ማንበብ አይችልም ነበር፤ ያኔ ማንም አይችልም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ንባቡ ሲፈታ ግን ካተርውድ ከሣላቸው ፊደሎች ብዙዎቹ የሚነበቡ ሆነው ተገኙ።

ፍጹም ነበር እያልኩ አይደለም። በ1844 ያሳተማቸው ትልልቅ ሊቶግራፎች (በድንጋይ ላይ ተሥለው የታተሙ ሥዕሎች) ላይ መብረቅ አለ፣ ድራማ አለ። ለገበያ ነው። እኔም ለደንበኛ የሌለ ዛፍ ሥዬ አውቃለሁ።

«ታዲያ ፎቶ አያነሱም ነበር?» አነሱ። በ1841 ወደ ማያ ምድር ሲመለሱ አዲሱን የዳጌሮታይፕ ካሜራ ይዘው ነበር። ኡሽማል ላይ ወጣ ወጣ ያሉት የድንጋይ ጌጦች ጥላ እየጣሉ ግማሹን ያጠቁራሉ፤ ሌላው ፀሐይ ላይ ነው። ካተርውድ አልረካም። ካሜራውን ለጓደኞቹ ሰጥቶ ወደ እርሳሱ ተመለሰ። እንግሊዛዊው አሳሽ አልፍሬድ ሞድስሌይ ከ1881 ጀምሮ የማያ ፍርስራሾች ላይ በግሩም ካሜራ ሲሠራ፣ ከፎቶው ሌላ በጀሶና በእርጥብ ወረቀት የድንጋዮቹን ቅጂ ወስዶ አኒ ሃንተር የምትባል ሠዓሊ እንድትሥላቸው አደረገ። የሃርቫርዱ ፒቦዲ ሙዚየም በ1968 የጀመረው የማያ ጽሑፎች ስብስብም ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን ነው የሚያወጣው። ፎቶ ጥላውንም፣ ስንጥቁንም፣ የድንጋይ ሽበቱንም እኩል ያሳያል። ሠዓሊ ግን ይህ ስንጥቅ ነው፣ ይህ ፊደል ነው ብሎ መወሰን አለበት።

ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ ይህን ታውቅ ነበር። አርክቴክቸር ተምራ፣ ፒየድራስ ኔግራስ በተባለች የማያ ከተማ ነዳፊ ሆና ነው የጀመረችው። ሐውልቶቹን በየቦታቸው፣ ቀናቱን በየሐውልታቸው ስታስተያይ ቆይታ በ1960 ጽሑፎቹ የነገሥታት ልደትና ንግሥና ታሪክ መሆናቸውን አሳየች። ስቲቨንስ የኮፓን ታሪክ ድንጋዮቿ ላይ ተጽፏል ብሎ ከገመተ 120 ዓመት ገደማ በኋላ። ያገኘችው አንዲት ነዳፊ ናት፤ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅርታ።

እና ልጆች፣ ሰው ሲወጣ ፎቶ ብቻ ይዞ አይመለስ። ፎቶ ስታነሱ ሜትር አጠገቡ አድርጉ። ቀኑን፣ ሰሜኑን፣ የባለቤቱን ስምና ሰፈሩ ቦታውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፉ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አንሱ፤ ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን ነው ቅርጽ የሚያወጣው። ያላያችሁትን አትሙሉ፤ በነጠብጣብ ተዉት። ይህን የምለው ስላጠፋሁ ነው። ሊፈርስ ቀናት የቀሩትን ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ተጣድፌ ፎቶ ብቻ አነሳሁ፤ ብዙ፣ ቆንጆ ቆንጆ። ከዓመታት በኋላ የቤተሰቡ ልጅ የሰገነቱን መደገፊያ እንደ ድሮው ማሠራት ፈለገና ውፍረቱን ጠየቀኝ። አንዷም ፎቶ ላይ ሜትር የለም። አፈርኩ።

ለዘንድሮው ልጅ ሌላ ሥዕል አሳየሁት። ካተርውድ በባሕር ዳርቻዋ ቱሉም የሠራው ሊቶግራፍ ነው። ሕንፃው ፊት ትንንሽ ሰዎች አሉ። አንደኛው ካተርውድ ራሱ ነው ይባላል፤ የሚታወቅ ሌላ መልኩ የለም። ልጁ ስልኩ ላይ አስፍቶ አየው። ፊቱ አይለይም። እጁ ላይ ያለው ግን ይለያል፤ ሜትር ነው።