የሞተር ሙቀትና የሂተር ራዲያተር ቅያሬ በጣርማበር መንገድ

ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበርን የሚወጣ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። ጭነቱ ከባድ፣ ማርሹ ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ ይሠራል፤ ራዲያተሩ ግን የሚያገኘው ንፋስ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተር ክዳን ነው፦ 0.9 (ባር) የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ከያዘ መፍያውን ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። የውስጥ ማሸጊያ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ካለ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖም መኪናው ያፈላል። ምርመራው ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ከክዳኑ ቢጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የውሃው መጠን፣ ቤልቱ፣ ፋኑና የዋተር ፓምፑ ፍሳሽ ይታያሉ። ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ተፈትቶ ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ባለበት ድስት ይሞቃል፤ 82 የተጻፈበት በዚያው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የድስቱ ውሃ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት 95 አካባቢ ሳይደርስ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ አለመከፈቱ ብቻ የብልሽት ምልክት አይደለም። ሞተሩ እንደተነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ዘይቱም ወተት ከመሰለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ይጠረጠራል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ያጣምማል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

የሂተር ራዲያተር በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለ፣ በሞተሩ ሙቅ ውሃ የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቅ ትንሽ ራዲያተር ነው። ሲያፈስ የተሳፋሪው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል፣ መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ያዘለ ጉም ይለብሳል። ፍሳሽ ሳይኖር ከሂተሩ ሁለት ቱቦዎች አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን ብዙውን ጊዜ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ከመቀየሩ በፊት በተቃራኒ አቅጣጫ በቀላል ግፊት ማጠብ ያዋጣል።

ለቅያሬ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ውሃው በራዲያተሩ ማፍሰሻ ይወጣል። ከሞተሩ ጀርባ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ከተጣበቁ በግድ መጠምዘዝ የሂተር ራዲያተሩን ቀጭን አፍ ይሰብራል፤ ቱቦውን በቁመቱ ቀዶ በአዲስ መተካት ይረክሳል። አድካሚው ሥራ ዳሽቦርዱ ነው፤ በአንዳንድ ሞዴል ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። የኤሲ መስመር የሚፈታ ከሆነ ጋዙ አስቀድሞ በማሽን መሰብሰብ አለበት። ከተገጠመ በኋላ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ተሞልቶ፣ ሂተሩ ሙሉ ሙቀት ላይ ሆኖ፣ አረፋው እስኪያልቅ ሞተሩ ክዳኑ ተከፍቶ ይሠራል። ሲበርድ የጎደለው ይሞላል።

ሁለቱን ቱቦዎች አገናኝቶ ሂተሩን መዝለል የተለመደ ብልሃት ነው፤ ሮቢት ላይ ጉዳቱ አይታወቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ግን የፊት መስታወቱን የሚያጠራ ሙቅ አየር አይኖርም። ጣርማበርን ሲወጡ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ ሂተር ከፍቶ ሙቀት መቀነስም አይቻልም።