«ፀሐይ ላይ አስጪው» እና ሌሎች ስለ ሥዕል የምሰማቸው ነገሮች

ምረቃ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። «እህቴ፣ ልጃችን ቅዳሜ ይመረቃል። በዘይት ቀለም፣ ትልቅ አድርገሽ፣ ጋውኑን እንደለበሰ ሣይልን።» ይህ የሚባለው ማክሰኞ ነው። ሥዬ ብጨርሰው እንኳ እስከ ቅዳሜ አይደርቅም ስል የሚመጣው መልስ ከተማው ተሰብስቦ የተስማማበት ይመስላል፦ «ታዲያ ፀሐይ ላይ አስጪዋ!»

የጅማ ሰው ስለ ማድረቅ ምክር ቢሰጥ አይፈረድበትም። ቀይ የቡና ፍሬ ለቅሞ ማስጫ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ቀን እያገላበጠ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ እየሸፈነ፣ እርጥበቱ ከመቶ 12 ገደማ እስኪወርድ ሳምንታት የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። ጀንፈል በእጁ አንኳክቶ መድረቁን የሚያውቅ ሰው፣ ሥዕል አይደርቅም ሲሉት ስንፍና ቢመስለው አይገርምም። ግን ዘይት ቀለም ቡና አይደለም። ቡና የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ሲወጣ ነው። ዘይት ቀለም ውስጥ ተንኖ የሚወጣ ውሃ የለም። ቀለሙን ይዞ ሸራው ላይ የሚያጣብቀው አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው፤ ያው በጾም ቆልተን የምንበጠብጠው ተልባ። ይህ ዘይት የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ሲተሳሰር ነው። ስለዚህ ሲደርቅ መጀመሪያ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይህንን አንድ ጊዜ ሄርማታ ገበያ አካባቢ ለሚነግዱ፣ የልጅ ልጃቸውን ላሣሉ ሐጂ አስረዳኋቸው። «የእርስዎ ቡና ሲደርቅ ይቀላል ሐጂ፣ የእኔ ሥዕል ግን ይከብዳል» አልኳቸው። አሰቡ አሰቡና «እንግዲያው በኪሎ ሽጪው ልጄ» አሉኝ። ቢያንስ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ አስጪው ብለውኝ አያውቁም።

ኦክስጅን የሚወስድ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ የተልባ ዘይት የጠረግንበትን ጨርቅ ይጠይቅ። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁን ጨምድዶ ጥግ ላይ የጣለው ሰው ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ጨርቁ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ሥዕል የሚማር ልጅ ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ፦ የዘይት ጨርቅ አየር ላይ ተዘርግቶ ይሰጣል፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ማስጣት የሚወደው እጃችሁ እዚህ ላይ ይሥራ።

ፀሐይ ጭራሽ አይረዳም አላልኩም። ሙቀትና ብርሃን ያፈጥኑታል። ጠራራ ላይ የቆመ ሸራ ግን ከላይ ቆዳ ይይዝና ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ይጨማደዳል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። የሸራው እንጨት ይጣመማል፣ አንዳንዱም ቀለም ይገረጣል። በክረምት ደግሞ የትኛው ፀሐይ? ሰኔ ገብቶ ጅማ ላይ ዝናቡ ከጀመረ ሸራው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፤ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ከሆነም ጀርባው ሻጋታ ያበቅላል።

በዚህ ላይ ጋውኑ አለ። ቀለሞች እኩል አይደርቁም። አምበር የሚባለው ቡናማ አፈር በውስጡ ማንጋኒዝ ስላለው ቶሎ ይደርቃል። ከአጥንት ከሰል የሚሠራው ጥቁር ግን ከዘገምተኞቹ አንዱ ነው። የተመራቂ ሥዕል ደግሞ ከአንገት በታች ጥቁር ነው! ማለትም ሰው በጣም የሚቸኩልበት ሥዕል በጣም የሚዘገይ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። እኔ ጥቁሩን ከቱቦ አልጨምቅም፤ አምበርን ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ደባልቄ አወጣዋለሁ። ቶሎ ይደርቃል፣ ደግሞም የሞተ ጥቁር አይሆንም፣ ጨርቅ ጨርቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ በአራት ቀን አይደርስም። ማድረቂያ ጠብታ ጨምሪበት የሚሉኝም አሉ። ትንሽ ይረዳል። ሲበዛ ግን ቀለሙን ያጠቁራል፣ ያሰነጥቃል።

ከሁሉ የምትከነክነኝ ግን የዚህች እምነት እህት ናት፦ «እየጠበቅሽ ነው እንጂ እየሠራሽ አይደለም፤ ሁለት ቀን ሠርተሽ የሁለት ወር ታስከፍያለሽ።» ዘይት ቀለም በንብርብር ነው የሚሠራው። ከታች በአኳራጅ የቀጠነ ይቀባል፣ ከላይ ከላዩ ዘይቱ እየበዛ ይሄዳል። ተገላብጦ ከሥር ቅባታሙ ከላይ ቀጭኑ ከሆነ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የታቹ ሲንቀሳቀስ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ በአንዱና በሌላው ንብርብር መካከል ያለው ቀን ጭማሪ ሳይሆን የሥራው አካል ነው። በዚያ ቀን እኔም እግሬን ዘርግቼ አልቀመጥም። ሌላው ሸራ ላይ ነኝ፤ ወይም አቡጀዲ ወጥሬ ጄሶ እየቀባሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ፣ እንደገና እየቀባሁ ነው። ወይም አናጺ ጋ ሄጄ ነገ ይደርሳል የተባለውን ፍሬም እየጠየቅሁ ነው፤ ይህኛው ከዘይት ቀለም ይልቅ ይዘገያል። መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ እንኳ በደንቡ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠበቅለታል። ሥዕሉን ወስዳችሁ ስትሄዱ «ለቫርኒሽ በዓመቱ መልሳችሁ አምጡልኝ» የምላችሁ ለዚህ ነው። ማንም አያመጣም።

ለቅዳሜ የግድ ከሆነስ? አክሪሊክ አለ። እሱ ውሃው ሲተን ስለሚደርቅ እንደ ቡናችሁ ነው፣ ያውም በደቂቃዎች። ከሰልና እርሳስም አለ። ለፊት ከሰልን የሚያክል የለም፤ ግን «እርሳስ ብቻ?» ብሎ ዋጋ የሚያራክስ ሰው አስቀድሞ ይንገረኝ፣ ስልኩን ቶሎ እዘጋለሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ሰዓሊ ሙዱ ሲመጣ ነው የሚሠራው።» የቤት ኪራይ ሙድ አይጠብቅም። መብራት ሳይጠፋና ብርሃኑ ሳይሄድ ጠዋት ነው የምሠራው።

«ከፎቶ መሣል ማጭበርበር ነው።» ያን የሚሉኝ ሰዎች ለመሣል ሦስት ሰዓት ቁጭ በሉ ስላቸው ሃያ ደቂቃ አይቆዩም።

«ሥዕል ለመማር አዲስ አበባ መወለድ ያስፈልጋል።» ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው፤ እውነት ነው፣ ለመደበኛ ትምህርት መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ነው። ዓይን ግን እዚህም ይማራል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ የጅማ በርጩማ ፊት ተቀምጦ እግሮቹንና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በትክክል የሣለ ልጅ፣ ስለ ቅርጽ ብዙ የሚነገረው አይኖርም። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጂፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ይሣል፤ እርቀት የሚባለው ነገር ራሱ ይገባዋል። (ቤተ መንግሥቱን ለሽያጭ መሣል ግን ሰልችቶኛል። ሆቴል ሁሉ እሱን ይፈልጋል፣ ሁሉም ከአንድ አቅጣጫ።)

«ጥሩ ሥዕል ፎቶ የሚመስል ነው።» እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ምን እናድርጋቸው? በዚያ ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ። ይህን ፎቶግራፍ አንሺ አያደርገውም። ሰዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ ከሐረር ተነሥቶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕል ሲያሳይም «ይህማ ልጅም ይሠራዋል» ያለ ሰው አልጠፋም ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ዛሬም እሰማዋለሁ። ልጁን አምጡትና ይሥራው እላለሁ፤ እስካሁን ያመጣ የለም።

«የሰዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን መዞር አለበት።» ይህኛው የተማሪዎች ነው፣ ከአውሮፓ መጽሐፍ የተወሰደ። እነሱ ጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜን መስኮት ብርሃን የረጋ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከስምንት ዲግሪ በታች ነው ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ እኛን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትቆመው። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ ለሰሜን መስኮት ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ነጭ ስስ መጋረጃ የትኛውንም መስኮት ያስተካክለዋል።

«ሥዕል ከብርሃን ተደብቆ ይቀመጥ።» አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ አስቀድማ ገዝታኝ በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ስታወጣው ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ የበሰበሰ ቀለም ሸጥሽልኝ ብላ መጣች። የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ይቢጫል። ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ግን ብሩህ ግድግዳ ላይ ስቀዪው፣ በሳምንታት ውስጥ ይጠራል አልኳት። ጠራ። ይቅርታዋን ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ስለ መስቀል ከተነሳ ደግሞ፣ እባካችሁ ሥዕል ከረከቦት በላይ አትስቀሉ። ገብቼ የማየው ነው፦ የሳሎኑ ምርጥ ቦታ ለሥዕሉ ተሰጥቶ፣ ከሥሩ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የቡናው ጭስ ቅባት አለው፣ ጥላሸቱ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሰማያዊ ሰማይ ሣልኩላችሁ፣ በጥቂት ዓመት የሚያስፈራ ደመና ይሆናል። ከዚያ ለማጽዳት ፈሳሽ ሳሙናና እርጥብ ስፖንጅ ይመጣል፤ አንዱ ቤት ሽንኩርት ቆርጠው ሲያሹት ደርሻለሁ! ለአቧራ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ቆሻሻ ካለ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። በፍሬሙ ታችኛ ጫፎች ጀርባ ሁለት ትናንሽ የቡሽ ክዳን ቁራጭ ለጥፉበት፤ ከግድግዳው ትንሽ ሲርቅ አየር ያገኛል፣ የክረምት ሻጋታም አይይዘውም። መስታወት የውሃ ቀለም ነው የሚፈልገው፤ እሱም ቢሆን ወረቀቱን እንዳይነካ በመካከል ካርቶን ገብቶበት።

የመጨረሻው አውደ ርዕይ ነው። «አዲስ አበባ አሳየሽ አይደል፣ እንግዲህ ተነሣሽ!» ይሉኛል። ኤግዚቢሽን መክፈቻው ላይ ሰው ይሞላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «በርቺ» ይባላል። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ እኔና ዘበኛው ነን። የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በመክፈቻው ቀን አይገዛም፤ ካርድ ወስዶ ከወራት በኋላ ይደውላል፣ ወይም አይደውልም። ፍሬሙ፣ ማጓጓዣው፣ የጥሪ ወረቀቱ ግን ገዢ ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው፤ ከሽያጭ ላይ የቦታው ባለቤት የሚወስደው ድርሻ ብቻ ሽያጩን ይጠብቃል። ለመሸጥ ከሆነ እዚሁ ካፌ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ይሻላሉ። አውደ ርዕይ የሚጠቅመኝ ለሌላ ነው፦ ሥራዎቼን ጎን ለጎን በአንድ ብርሃን የማያቸው እዚያ ብቻ ነው። ቤቴ ውስጥ አንዱ ከአልጋ ሥር፣ ሌላው ከበር ጀርባ ነው።

ለሚጓዙ ወጣት ሰዓሊዎች አንድ ነገር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሸራ ደግሞ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ሁሉም ሰው ቀለሙን ለመከላከል ወደ ውስጥ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ስሕተት ነው። ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ተጨምቆ ይጨማደዳል፣ ይፈነቀላል፤ ወደ ውጭ ሲሆን ትንሽ ይለጠጥና ሲዘረጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፤ ምንጣፍ ወይም ፕላስቲክ የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ከሱቅ ለምናችሁ ታገኛላችሁ። ፊቱ ላይ የማይጣበቅ ንጹሕ ወረቀት አልብሱት። ረዳቱ «ፖርቶመጋላ ላይ እንጫነው» ሲል እሺ አትበሉ። የሁለተኛ መቀመጫ ሒሳብ ክፈሉና አጠገባችሁ አቁሙት።