«ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከክብደት ማንሳት ልምምድ በፊት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው «ፕሪወርካውት» ዱቄት መያዣ ላይ ብዙ ጊዜ «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህም አምራቹ ምጥጥኑን በምስጢር የያዘው ቅይጥ ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት አምራቹ የቅይጡን ጠቅላላ ክብደት መጻፍና ንጥረ ነገሮቹን በክብደት ከሚበልጠው ወደሚያንሰው መዘርዘር ግዴታው ሲሆን፣ የእያንዳንዱን መጠን ለይቶ እንዲገልጽ ግን አይገደድም።

ለምሳሌ «ቅይጥ 6 ግራም፦ ሲትሩሊን፣ ቤታ አላኒን፣ ካፌይን» የሚል ዝርዝር ብናነብ (የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው)፣ ሲትሩሊኑ ከሦስቱ በክብደት ቀዳሚ ስለሆነ ከ2 ግራም እንደማያንስ እንረዳለን እንጂ 3 ይሁን 5 ግራም ማወቅ አንችልም። እጅግ የሚያሳስበው ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈው ካፌይን ነው። ቅደም ተከተሉ ብቻውን 100 ሚሊ ግራም ይሁን 400 አይነግረንም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ ለአብዛኛው ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካፌይን በአብዛኛው ጉዳት እንደማያስከትል ይገልጻል። በዚያው ቀን የተጠጣው ቡናና ሻይም በዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ብዙዎች የዱቄቱ ጥንካሬ ምልክት አድርገው የሚወስዱት የፊትና የእጅ መንዘር ከቤታ አላኒን የሚመጣ ስሜት ነውና ስለ ካፌይኑ መጠን ምንም አያመለክትም።

ስለዚህ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ሌላውም ቢሆን የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን በቁጥር የተጻፈበትን ምርት ቢመርጥ ይሻለዋል።