ሞክ ምንድን ነው? ለዐውደ ርዕይ የሚሠራ የሌጎ ሥራ ከመሠረቱ እስከ ጭነቱ

ሞክ «ማይ ኦውን ክሪኤሽን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መነሻ ፊደላት የተገኘ ቃል ነው፤ «የራሴ ሥራ» እንደ ማለት። በካርቶን የታሸገውን የሌጎ (እየተገጣጠሙ የሚሠሩ የፕላስቲክ ጡቦች) ስብስብ ገዝቶ በመመሪያው መሠረት ደረጃ በደረጃ የገጠመ ሰው ሞክ ሠራ አይባልም። ያንኑ ስብስብ ገጥሞ ጣሪያውን ወይም ቀለሙን ከቀየረው ደግሞ ሞድ ይሉታል። ሞክ የሚባለው ንድፉ ከሠሪው ጭንቅላት የወጣ ሥራ ብቻ ነው። ቁርጥራጮቹ ግን የፋብሪካ ናቸው። መቁረጥ፣ ቀለም መቀባትና በኮላ ማጣበቅ በብዙ ሠሪዎች ዘንድ ነውር ነው።

ትርጉሙ እዚህ ላይ ያልቃል። ሥራው ወደ አድናቂዎች ዐውደ ርዕይ የሚሄድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ተነቃቅሎ መኪና ውስጥ መግባት፣ መንገድ ላይ ተንቀጥቅጦ መድረስና በማያውቁት ጠረጴዛ ላይ በአጭር ጊዜ መልሶ መቆም አለበት። ይህን በመጨረሻ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያምር ነገር ሠርቶ በቤቱ በር ማስወጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ለዐውደ ርዕይ የሚሠራ ሞክ ንድፍ የሚጀምረው ከመኪናው በር፣ ከሳጥኑና ከጠረጴዛው ስፋት ነው። ግንቡና ዘንዶው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በቃል የሚያዙ ቁጥሮች

ጡቡ አናት ላይ ያሉት ክብ ጉጦች ስተድ ይባላሉ። ከአንዱ ስተድ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 8 ሚ.ሜ. ነው። የአንድ ጡብ ቁመት ስተዱን ሳይጨምር 9.6 ሚ.ሜ.፣ ፕሌት የሚባለው ስስ ቁራጭ ደግሞ 3.2 ሚ.ሜ. ነው። ሦስት ፕሌት ሲደራረብ አንድ ጡብ ያህላል ማለት ነው። ይህ የአያያዝ ሥርዓት የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት በ1958 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ነው፤ ያኔ የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ጠቃሚው ግን ይህ ነው፦ አምስት ፕሌት ሲደራረብ 16 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ሁለት ስተድም 16 ሚ.ሜ. ነው። በዚህ ምክንያት ቁርጥራጮችን በጎናቸው አስተኝቶ መግጠም ይቻላል። ስተዱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን የሚዞርበት ይህ ዘዴ ስኖት ይባላል፤ ግድግዳው ለስላሳ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ ቅርጹም ደረጃ ደረጃ ያልሆነ ሥራ የሚገኘው በእሱ ነው። የሁለት ስተድ ክፍተት በአምስት ፕሌት፣ የአራት ስተድ ክፍተት በአሥር ፕሌት በልኩ ይሞላል። የሦስት ስተድ ክፍተት ላይ ጣጣ ይመጣል፤ 24 ሚ.ሜ. ለ3.2 ሲካፈል ሰባት ተኩል ነው፤ ግማሽ ፕሌት የሚባል ቁራጭ ደግሞ የለም። መፍትሔው ባለ ጎን ስተዷ ትንሽ 1×1 ጡብ ናት፤ የጎኗ ስተድ በግማሽ ፕሌት ወደ ውስጥ ስለገባች ልዩነቱን ታቃናለች። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሰባት ፕሌት ጠቅጥቆ ስንጥቅ ይተዋል፤ አለዚያም ስምንተኛውን በግድ ያስገባና ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይነፋል።

ሞጁል፦ ሥራውን የሚሸከመው ሣጥን

ትልቅ ሥራ በአንድ ቁራጭ አይሠራም፤ በሞጁል ይከፋፈላል። የተለመደው መለኪያ 32×32 ስተድ ነው፤ ይህም 25.6 ሳ.ሜ. በ25.6 ሳ.ሜ. ይሆናል። አራቱ ሲገጣጠሙ 51.2 ሳ.ሜ. ካሬ ይሰጣሉ። ስለዚህ 75 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሞጁል ወደ ውስጥ ገብተው ከፊት ትንፋሽ ይቀራል።

ቤዝፕሌት የሚባለውን ባለ ስተድ ስስ የመሠረት ሰሌዳ ብቻውን መሠረት ማድረግ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ባለ 48×48ቱ 38.4 ሳ.ሜ. ስፋት አለው፤ ላዩ ላይ ቤት ተሠርቶበት አንድ ጥጉን ይዘው ሲያነሡት እንደ ወረቀት ይጎብጣል። መሃሉ ወደ ታች ሲሰረጉድ የግድግዳው የመጀመሪያ ረድፍ ጡቦች «ጠቅ፣ ጠቅ» እያሉ ከስተዶቹ ይላቀቃሉ፤ ቤቱ ሳይፈርስ ከመሬቱ ተለይቶ ይቀራል። የፈረሰ ግድግዳ ይታያል፤ ከሥሩ የተላቀቀ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ችግሩ የሚታወቀው በሚቀጥለው ንክኪ ነው።

መድኃኒቱ መሬቱን ራሱን ሣጥን ማድረግ ነው። 32×32 ቤዝፕሌት ዙሪያውን በአንድ ስተድ ስፋት በጡብ ይከበባል፤ ዙሪያው 124 ስተድ ነው። በየጎኑ ከ7ኛው እስከ 10ኛውና ከ23ኛው እስከ 26ኛው ስተድ ባለ 1×4 የቴክኒክ ጡብ ይገባል፤ ይኸውም ጎኑ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። በአራቱም ጎን 8 የቴክኒክ ጡብ ያስፈልጋል፤ ቀሪው 92 ስተድ በተራ ጡብ ይሞላል። ቦታው ከሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚርቅ ሞጁሉን በየትኛውም ጎኑ ቢያዞሩት ቀዳዳው ከጎረቤቱ ቀዳዳ ጋር ይገናኛል። በላዩ 16 ባለ 8×8 ፕሌት ይነጠፋል። አራት ፕሌቶች ጥግ ለጥግ የሚገናኙባቸው 9 ነጥቦች ሥር 2×2 ጡብ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ጡብ አራቱንም ፕሌት በአንድ አንድ ስተድ ይይዛል። ያለ እነዚህ ምሰሶዎች የተነጠፈ መሬት በእጅ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ከባድ ግንብ የሚቆምበት ቦታ ካለ በፕሌቶቹ መጋጠሚያ መስመር ላይ 2×4 ጡብ ይጨመራል። ውስጡን ሙሉ በሙሉ በጡብ መጠቅጠቅ ግን ቁርጥራጭ ማባከንና ክብደት መጫን ነው።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፦ መሬቱ አንድ ጡብ ያህል ከፍ ስላለ ወንዝ፣ ጉድጓድ ወይም የባቡር ሐዲድ ወደ ታች ማስገባት ይቻላል።

ሞጁሎቹ የሚያያዙት በቴክኒክ ጡቦቹ ቀዳዳ በሚገባ ትንሽ ማያያዣ፣ በፒን ነው፤ በየመጋጠሚያው ሁለት ይበቃል። ጥቁሩ ፒን ሽንትር ስላለው አጥብቆ ይይዛል፤ ግራጫው ለስላሳ ነው፣ በቀላሉም ይወጣል። አራትና አምስት ጥቁር ፒን የደረደረ ሰው ማፍረስ ሲጀምር በሁለት እጁ ይጎትትና ሞጁሉ በድንገት ሲላቀቅ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይረግፋል። ሥራው ከሌላ ሰው ሥራ ጋር የሚጣመር ከሆነ ደግሞ የሁለቱ መሠረት አንድ ዓይነት መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ቤዝፕሌት ከፕሌት በጣም ይሳሳል፤ አንዱ በቤዝፕሌት፣ ሌላው በፕሌት ከተሠራ ቀዳዳዎቹ ከፍና ዝቅ ብለው ፒኑ አይገባም።

የሚፈርሰው የት ነው?

ጡብ ከላይ በሚጫነው ክብደት አይደቅም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ አንድ 2×2 ጡብ የተጨፈለቀው ከ400 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት ከተሸከመ በኋላ ነው። ማንም ዐውደ ርዕይ ላይ ያን ያህል አይቆልልም። ሥራን የሚያፈርሰው መጎበጥ፣ መጠምዘዝና መንቀጥቀጥ ነው።

አንድ ስተድ ብቻ ስፋት ያለው ግድግዳ 30 ጡብ ሲደርስ 28.8 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ብቻውን ከቆመ መሃሉ ይነፋል። በየ6 ወይም 8 ጡቡ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ትይዩው ድረስ ረጅም ፕሌት ማጋደምና ጥጎችን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጡብ ማጠላለፍ ያጸናዋል። ጡብ በጡብ ላይ መጋጠሚያቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲውል መደርደር ግንበኛም ሌጎ ሠሪም የማያደርገው ነገር ነው።

ሌላው ደካማ ቦታ ፎቅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ ከመጠን በላይ መጥበቅ ነው። 16×16 የሆነ ፎቅ ዙሪያው 60 ስተድ አለው። የላይኛው ፎቅ በ60ውም ላይ ከተጫነ ሲነሣ የታችኛውን ግድግዳ ቦጭቆ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የግድግዳው አናት ስተድ በሌለው ታይል ይሸፈንና በየጎኑ አንድ ስተድ ብቻ ይተዋል። ፎቁ በ56ቱ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ እንዳይንሸራተት የሚይዙት 4 ብቻ ናቸው። ለሌጎ ትንንሽ የሰው ምስሎች የሚመጥን ቤት አንዱ ፎቅ 10 ጡብ፣ ማለትም 9.6 ሳ.ሜ. ቢሆን ባለ ሦስት ፎቁ ቤት በሦስት ተከፍሎ ተራ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

አራት እግር ላይ የቆመ እንስሳ ወይም ወደ ጎን የተዘረጋ ክንፍ ሲሆን ጡብ ብቻውን አይበቃም። ውስጡ የቴክኒክ ዘንግና ፒን ያለው አጽም ይሠራና ጡቡ እንደ ቆዳ ይለብሰዋል። አጽሙ ልብሱ ሳይኖር መጀመሪያ ብቻውን መቆም አለበት።

ቁርጥራጭ መሰብሰብ

ብዙዎች መጀመሪያ በኮምፒውተር ይነድፋሉ፤ ብሪክሊንክ ስቱዲዮ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ንድፉ ሲያልቅ የሚያስፈልገውን ቁርጥራጭ በዓይነትና በቀለም ቆጥሮ ያወጣል። ወጥመዱ ቀለም ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ማንኛውንም ቁራጭ በማንኛውም ቀለም ያሳያል፤ ፋብሪካው ግን ያንን ቁራጭ በዚያ ቀለም ሠርቶት አያውቅ ይሆናል። ንድፉ ሳያልቅ በፊት ይህን ማጣራት ግድ ነው። ከዝርዝሩ በላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ትርፍ ማዘዝም ብልህነት ነው፤ የሚጠፋው ሁልጊዜ ትንሹ 1×1 ነው።

ያገለገለ ግራጫ የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ። ፋብሪካው በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግራጫውን ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አድርጎ ቀይሮታል። ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግድግዳ ላይ ሲደባለቁ ግን እንደ ዕከክ ይታያሉ። የፈረሰ ግንብ ወይም አለት ለሚሠራ ግን ድብልቁ በረከት ነው። አሮጌ ቀይማ ቡናማ ቁርጥራጮች ደግሞ ሲነቀሉ የመሰበር ባሕርይ ስላላቸው በየጊዜው ተነቃቅሎ በሚገጠም መጋጠሚያ ላይ አይገቡም።

ጭነትና ጠረጴዛ

እያንዳንዱ ሞጁል ከሥሩ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሲነሣ የሚያዘው እንጨቱ ነው፤ ጡቡ አይነካም። ረጃጅም ነገሮች፣ ዛፍ፣ አንቴና፣ ባንዲራ፣ የሰው ምስሎችም፣ ተነቅለው ለብቻቸው ይታሸጋሉ። ሞጁሉ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይንሸራተት ጎኖቹ በስፖንጅ ይደገፋሉ። አረፋ ያለው የፕላስቲክ መጠቅለያ ጥሩ ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን ቅጠልና አጥር ጠልፎ ይነቅላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም አይገባም፤ ተወጥረው የተገጠሙ ስስ ቁርጥራጮች በሙቀት ተጣመው ይቀራሉ።

ከመሄዱ በፊት ሥራውን ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ማፍረስና መግጠም፣ ሰዓትም መያዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጊዜ ደካማውን ቦታ ያሳያል፤ ሁለተኛው መስተካከሉን። ሳጥኖቹ በአገጣጠም ቅደም ተከተል ቁጥር ይጻፍባቸውና ከእያንዳንዱ ሳጥን ክዳን ውስጥ የተገጠመው ክፍል ፎቶ ይለጠፋል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚረዳው ሰው ንድፉን አያውቅም።

የአዳራሽ ጠረጴዛዎች እኩል አይደሉም። በሁለቱ መሃል የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ካለ ሞጁሎቹን የያዘው ፒን ይወጠራል፤ ሥራውም መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ዝቅ ካለው ሥር የሚገባ ተቆርጦ የተዘጋጀ ካርቶን ይዞ መሄድና የሞጁሎቹ መጋጠሚያ በጠረጴዛዎቹ መጋጠሚያ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይህን ይከላከላል። ቁመትም ይታሰብ፤ 100 ጡብ 96 ሳ.ሜ. ነው፤ 75 ሳ.ሜ. ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ 1.71 ሜትር ይሆናል። አናቱ ላይ የተደከመበት ጥቃቅን ነገር ለሕፃን አይታይም፤ የሕፃን ዓይን ያለው ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ እጁም እንዲሁ። ስለዚህ ከፊት ጠርዝ አጠገብ ጠንካራውና ቢነካ የማይፈርሰው ይደረጋል፤ ቀጫጭኑ ከ60 ሳ.ሜ. በላይ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከጠረጴዛው ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥንም ትኑር፦ መንቀያ፣ ወረንጦ፣ አቧራ የሚያነሣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በቀለም የተለየ ትርፍ ቁርጥራጭ፣ ባዶ ከረጢት። ከረጢቱ ወለል ላይ ለሚገኙ ቁርጥራጮች ነው፤ ከየት እንደወደቁ ያኔውኑ ካልታወቀ ሥራው ሲፈርስ ቦታቸው ይገኛል።