የሠርግ ስጦታ፦ ጎጆ ለሚወጡ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

ጥር ሲገባ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ከየአቅጣጫው ይመጣል። በገና ጾምና በዐቢይ ጾም መካከል ያሉት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሦስት ሠርግ ይደራረባል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦትም እንደዚያው ናቸው። ወረቀቱ እጅ ሲገባ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን ይዤ ልሂድ?

ለሚያገባ ሰው "ጎጆ ወጣ" እንላለን። የሠርግ ስጦታ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቃል ውስጥ ነው። በገጠር የሁለቱም ወገን ወላጆች ለልጆቻቸው በሬ፣ ላም፣ ጊደር፣ እህል ይሰጣሉ። በሰማንያ ጋብቻ ይህ ንብረት በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል። ጥሎሽ ደግሞ ለሙሽሪት ነው። ከሙሽራው ወገን ቀሚሱ፣ ጌጡ፣ ጫማው፣ ሽቶው በሻንጣ ይመጣል። አንድ በአንድ እየወጣ ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ ሴቶቹም በእልልታ ይቀበሉታል። በሙስሊሞች ኒካህ ባል ለሚስቱ መህር መስጠት ግዴታው ነው። መህሩም የራሷ ንብረት ነው።

እነዚህ ግን የቤተሰብና የሙሽራ ድርሻ ናቸው። የእንግዳው ስጦታ መነሻው ሌላ ነው፤ ጉልበት ነው። ጎረቤት ከሠርጉ ቀናት በፊት መጥቶ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እንጨት ይፈልጣል። አንዷ እንጀራ ጋግራ ትመጣለች፤ ሌላዋ ጠላ ጠምቃ። ዕድሩ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት ያውሳል። አሁንም በብዙ ሰፈር እንዲሁ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሌላ ስጦታ ባያመጣ ቅር የሚለው የለም፤ ሊለውም አይገባም።

በከተማ የአዳራሽ ሠርግ ሲበዛ ጉልበቱ በዕቃ ተተካ። ብርድ ልብስ፣ የቡና ስኒ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የድስት ስብስብ፣ ፔርሙዝ። ሁሉም ይጠቅማሉ። ችግሩ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ማሰቡ ነው። መልሱና ቅልቅሉ አልፎ የተጠቀለለው ሲፈታ ሦስት ፔርሙዝና አምስት ብርድ ልብስ መውጣቱ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አስቀድሞ ለሚዜ ወይም ለሙሽሪት እህት መደወል። "ቤታቸው ምን ይጎድላል?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የሥራ ባልደረቦችና ሚዜዎችም መዋጮ አድርገው ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ ይገዛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። አሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎች ደግሞ የአገሩን ልማድ ይዘዋል። ሙሽሮቹ የሚፈልጉትን ዕቃ ሱቅ ላይ ያስመዘግባሉ፤ እንግዳው ከዝርዝሩ መርጦ ይገዛል። ልማዱ የቆየ ነው፤ የቺካጎው ማርሻል ፊልድስ የተባለ ትልቅ መደብር የጀመረው በ1924 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ገንዘብስ? ብዙ ሰው ዛሬ ፖስታ ይዞ ይሄዳል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ስላለ ዓረብ አገር ያለች እህትም ከሠርጉ ብትቀርም የላከችው በቤተሰብ በኩል በስልክ ይደርሳል። እስራኤል ባለው የሠርግ ልማድም ፖስታው ዋናው ስጦታ ነው፤ እዚያ ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም እንዲሁ ያደርጋሉ። በብዙ ቦታ ማን ምን እንደሰጠ በደብተር ይያዛል። ሰጪው ሲድር "ብድሬን ልመልስ" ተብሎ ያንኑ ያህል ይወሰድለታል። እኔ በፖስታ አላፍርም፤ ገና ለሚጀምር ቤት የቤት ኪራይም ስጦታ ነው። ግን ፖስታው ላይ ስም ብቻ ጽፎ መስጠት ይቆጨኛል። "ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ" ብሎ በእጅ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብሩ ያልቃል፤ ወረቀቱን ያስቀምጡታል።

ለየት ያለ ነገር ለሚፈልግ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጋቢ ነው። ከሱቅ የተነሣ ጋቢ ማለቴ አይደለም። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት። ያን ሁሉ ክር በእጅ ማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። አንዲት አክስቴ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ፈትል የጀመረችው ክረምት ላይ ነበር። ጥጡን ዳመጠች፣ ነደፈች። ከዚያ በየማታው ከራት በኋላ ትንሽ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እንዝርቷን ታሾራለች። ክሩ ከጣቶቿ መሃል እየሳሳ ይወጣል። ሲበጠስ ምራቋን ነካ አድርጋ ትቀጥለዋለች። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ የእጅ ፈትሉ ለማጉ ነው የሚውለው፤ የእሷም እንደዚያ ነበር። ጥቅምት ላይ ሽሮ ሜዳ ወስዳ ለሸማኔ ሰጠችው። እንጦጦ ሥር ባለው በዚያ ሰፈር ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ብዙ ናቸው። ወረፋው ጥር ሲቃረብ ስለሚበዛ ቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ጥለቱን ሙሽሪት የምትወደው ቀለም አድርጋ አዘዘች። ጋቢው አዲስ ሳለ ትንሽ ይደርቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይለሰልሳል። የመጀመሪያው ልጅ የታቀፈውም በእሱ ነው። መፍተል የማይችል ሰው የእናቱን ወይም የአያቱን ፈትል ለምኖ ማሠራት ይችላል።

ሁለተኛው ባልትና ነው። አንዲት የጎረቤት እናት ለሙሽሮች በአራት ጣሳ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ንጥር ቅቤ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ። በየጣሳው ላይ በወረቀት ጽፈው ለጥፈዋል፦ "ይኼ ለዶሮ"፣ "ይኼ ለምስር"። አንድ ደብተርም አብሮ ነበር። የዶሮው አሥራ ሁለት ብልት እንዴት እንደሚወጣ፣ ሽንኩርቱ ስንት ጊዜ እንደሚቁላላ ለልጃቸው እየነገሩ አስጽፈውታል። ከዚያ ሁሉ የተጠቀለለ ዕቃ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ያ በርበሬ ነው።

የሐረሪዎችን ቤት ያየ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የስፌት ዕቃ አይረሳውም። በቀለም የተሰፋው ሙዳይና ሰፌድ የቤቱ ጌጥ ነው። ስፌት ለሚወዱ ሙሽሮች ከዚያ የመጣ አንድ ቁራጭ ከግድግዳ ሰዓት ይሻላል። መሶብ ግን ለሚሄዱ ሰዎች አይሁን። ከሠርግ በኋላ ወዲያው ውጭ አገር የሚወጡ ሙሽሮች በ23 ኪሎ ሻንጣ ነው የሚያስቡት። ለእነሱ ነጠላ፣ በደንብ የተጠቀለለ ስኒ፣ ወይም የተቆላ ቡና ይበቃል።

የጫጉላ ቀናትም መስጠት ይቻላል። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሁለት ሌሊት ከፍሎ መያዝ ለድግስ ገንዘባቸውን ላወጡ ሙሽሮች ትልቅ እረፍት ነው። ጓደኛሞች ተዋጥተው ቢያደርጉት ደግሞ አይከብድም። ቀኑን ግን ሙሽሮቹ ይምረጡ፤ መልስና ቅልቅል፣ የዘመድ ጥሪ ስለሚከታተል ጊዜው የእነሱ አይደለም።

እጁ ያጠረ እንግዳ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቤቱ ሊጠራቸው ይችላል። ሠርጉ ጋብ ካለ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ያለው ሳምንት ለሙሽሮች ጭር ይላል። እሑድ ምሳ ጠርቶ ማብላት፣ ቡና አፍልቶ ማጫወት። ሲወጡ ደግሞ የማግሥቱን ምግብ በአገልግል ቋጥሮ ማስያዝ። አገልግል ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ ሙሽሮቹ የራሳቸውን እጅ ሥራ ይዘው እንደገና ይመጣሉ።