«ፌስቡክ ፎቶዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም» ብሎ መለጠፍ እና ሌሎች የማይሠሩ መከላከያዎች

ፌስቡክ ላይ ከሰው ሰው እየተቀዳ የሚለጠፍ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ ከዛሬ ጀምሮ ፌስቡክ ፎቶዬንም ሆነ መልእክቴን እንዲጠቀም አልፈቅድም፤ እናንተም ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ሼር ማድረግ ብቻ አይሠራም። ማስታወቂያው ቢያንስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልኩን እየቀያየረ ይዞራል። በ2024 ደግሞ «ደህና ሁን ሜታ ኤአይ» ተብሎ መጣ፤ ሜታ የፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ነው፣ ኤአይ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የሚለጥፉት ደግሞ ሌላ ጊዜ ሰነድ ሳያነቡ የማይፈርሙ ሰዎች ናቸው፤ የሚገርመውም እሱ ነው።

ከቆዩት ቅጂዎች ብዙዎቹ ሁለት ሕግ ይጠቅሳሉ። አንዱ የሮም ስምምነት ነው። ይህ በ1998 የጸደቀ፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመ ሰነድ ሲሆን ጉዳዩ የዘር ማጥፋትና የጦር ወንጀል ነው። ከፕሮፋይል ፎቶ ጋር ምን አገናኘው? ሁለተኛው «ዩሲሲ 1-308» የአሜሪካ የንግድ ሕግ አንቀጽ ነው፤ እሱም ስለ ግላዊነት አንድ ቃል የለውም።

ሕጎቹ ቦታቸው ላይ ቢሆኑ እንኳ ነገሩ አይሠራም። አካውንት ስትከፍቱ በአጠቃቀም ውሉ ተስማምታችኋል፤ ውል ደግሞ በአንድ ወገን ማስታወቂያ አይቀየርም። ተከራይ በሩ ላይ «ከእንግዲህ ኪራይ አልከፍልም» ብሎ ወረቀት ቢለጥፍ አከራዩ ይስቃል እንጂ ኪራዩ አይቀርም። የለጠፋችሁት ለኤአይ ማሠልጠኛ እንዳይውል ቢሆንም ሜታ ለአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚዎች ያቀረበው የመቃወሚያ ፎርም አለ፤ የሚቆጠረው ፎርሙ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ አይደለም።

ኮፒ ፔስት በሚፈጀው ጊዜ የሚጠቅም ሥራ መሥራት ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚል አለ፤ ድሮ ለሁሉም ክፍት የነበሩ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ ለጓደኛ ብቻ ያደርጋቸዋል። ከመንካታችሁ በፊት ግን አስቡበት፣ በጅምላ ወደ ነበረበት አይመለስም። የታግ ማጽደቂያውንም ክፈቱ። «ለጓደኛ ብቻ» ያላችሁት ፖስት ላይ ሰው ታግ ከተደረገ የዚያ ሰው ጓደኞችም ሊያዩት ይችላሉ፤ «ይህን እንግዳ ማን አስገባው?» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ ማስታወቂያ ጀርባ ያለው ስጋት «ከለጠፍኩት የነሱ ይሆናል» የሚል ነው። አይሆንም። የፌስቡክ ውል የይዘቱ ባለቤት እናንተ እንደሆናችሁ በግልጽ ይናገራል። የሰጣችሁት ፈቃድ ነው፣ ያውም ሰፊ ፈቃድ፦ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በመላው ዓለም የሚሠራ፣ ለሌላ ሊተላለፍ የሚችል፣ መቅዳትን፣ ማሻሻልንና መተርጎምን የሚጨምር። ሲነበብ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ፎቶአችሁ ሌላ አገር ባለ ጓደኛ ስልክ ላይ እንዲታይ ሰርቨር ላይ መቀዳት፣ መጠኑ መቀነስና ድንበር መሻገር አለበት። በቅጂ መብት ሕግ እያንዳንዱ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ ብቸኛ ስላልሆነ ያንኑ ፎቶ ለሌላ መሸጥ አትከለከሉም። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ፈቃዱ የሚያበቃው ይዘቱ ከሲስተማቸው ሲጠፋ ነው፤ ሌሎች ፈቃዱን ተከትለው ከተጠቀሙበትና እነሱ ካላጠፉት ግን ይቀጥላል።

«አጥፍቼዋለሁ፣ የለም» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ዲአክቲቬት ማድረግ መደበቅ ብቻ ነው፤ ሜሴንጀር እንኳ ሊቀጥል ይችላል። በትክክል ለማጥፋት አካውንት ሴንተር ገብታችሁ፣ የግል መረጃ ከሚለው ስር የአካውንት ባለቤትነትና ቁጥጥር የሚለውን ከፍታችሁ ዲሊት ምረጡ። ከዚያ በፊት መረጃችሁን ዳውንሎድ አድርጉ፤ በኋላ አይገኝም። ሐሳባችሁን ለመቀየር 30 ቀን አላችሁ፤ ማጥፋቱ ራሱ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ለሰው የላካችሁት መልእክት ግን በተቀባዩ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ስክሪንሾት ያነሳ ካለ ደግሞ ዲሊት አይደርስበትም።

ፕሮፋይላችሁን ማን እንዳየ የሚያሳይ አፕ? የለም፤ የሚፈልገው ፓስወርዳችሁን ነው።

ቴሌግራም ላይ ያለው ቻት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም አያነበውም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ እንዲያ የሆነው ሴክሬት ቻት ነው፣ ተራው ቻት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በነገራችን ላይ ፎቶ በቴሌግራም በ«ፋይል»፣ በዋትስአፕ ደግሞ በ«ዶክመንት» መልክ ከላካችሁ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በተለመደው የፎቶ መላኪያ ከላካችሁት ይራገፋል።

የሌላ ሰው ፎቶ ስትለጥፉ «ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው» ወይም «ክሬዲት ቱ ኦውነር» (ምስጋናው ለባለቤቱ) ማለት ፈቃድ አይተካም። በ1886 በተፈረመውና ከ180 በላይ አገሮች አባል በሆኑበት የበርን የቅጂ መብት ስምምነት መሠረት ሥራው ሳይመዘገብም ይጠበቃል። ከሌላው ወገን የሚመጣም ስህተት አለ፦ ፎቶው ላይ ስላላችሁ ብቻ የቅጂ መብቱ የእናንተ አይሆንም፣ በመርህ ደረጃ ያነሳው ሰው ነው። በሌላ ሰው የተነሳ ምስላችሁ ያለፈቃድ ከወጣ በግላዊነት መስመር ሪፖርት አድርጉ፤ በቅጂ መብት ፎርም ከሄዳችሁ ውድቅ ይሆናል።

ራሳችሁ ያነሳችሁት ከሆነ ግን የቅጂ መብት ፎርሙ ትክክለኛው መንገድ ነው። የፕሮፋይሉን ሳይሆን የፖስቱን የራሱን ሊንክ ያዙ፤ ብዙ ሪፖርት የሚከሽፈው ፎቶው የቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። ሰዓቱና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፣ ዋናውን ፋይል አታጥፉ። በፎርሙ የምትሞሉት ስምና ኢሜይል ሪፖርት ለተደረገበት ሰው ሊደርስ ስለሚችል የዘወትር አድራሻችሁን አታስገቡ፤ ለዚሁ ሥራ ሌላ ኢሜይል ክፈቱ።