የውሾች ካንሰር በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ መለየት፣ መከላከልና ማከም

የውሻ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በጡት፣ በቆዳ፣ በአጥንት፣ በደምና በንፍፊት ይነሳል፤ መነሻውም ሕክምናውም ይለያያል። ይሁንና ውሾች ልቅ በሚዞሩበትና ስሪያቸውን ማንም በማይቆጣጠርበት ከተማ ሁሉ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አንድ ዓይነት አለ፤ በስሪያ የሚተላለፈው የብልት ዕጢ። ባሕር ዳር እንዲህ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። ብዙው የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይለቀቃል። ሌሊት በየልኳንዳ ቤቱ ደጃፍ፣ በገበያው ዙሪያና ዓሣ በሚበለትበት የሐይቁ ዳር ከባለቤት አልባዎቹ ጋር ይቀላቀላል። አንዲት ለስሪያ የደረሰች ሴት ውሻ ወንዶቹን ከየሰፈሩ አስከትላ ስትዞር ማየት በሽንብጥም ሆነ በቀበሌ 14 እንግዳ ነገር አይደለም። ዕጢው የሚጓዘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ዕጢ ከሌሎቹ ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው በብዛቱ ብቻ አይደለም። በጊዜው ከተያዘ ከውሻ ካንሰሮች ሁሉ ለመዳን የቀለለው እሱ ነው፤ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ በጥቂት ሳምንታት መርፌ ይድናሉ። ሳይታከም የሚቀረው ባብዛኛው የደም ነጠብጣቡ «የስሪያ ደም ነው» ወይም «ቁስል ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ነው።

በስሪያ የሚተላለፈው ዕጢ

በሽታውን የሚያመጣ ጀርም የለም። የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ወንዱና ሴቷ ተጣብቀው በሚቆዩበት ጊዜ የብልት ስስ ሽፋን ይላጣል፤ ከታመመው ውሻ የተፈነቀለ ሕያው ሕዋስ በተላጠው ቦታ ላይ እንደ ችግኝ ይተከላል። ሽታ ማነፍነፍና ብልት መላስም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዕጢው በአፍንጫ፣ በአፍ፣ በዓይን ዙሪያና በቆዳ ላይም ይታያል። የአፍንጫው ዓይነት በወንዶች ላይ ይበዛል። ወደ ሰው አይተላለፍም።

እ.ኤ.አ. በ1876 ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ ዕጢውን ከአንድ ውሻ ወደ ሌላ በመትከል ካንሰር ሊዛወር እንደሚችል አሳየ። የዘመናችን የዘረመል ምርመራ ደግሞ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ጤነኛ የውሻ ሕዋስ 78 ክሮሞዞም አለው፤ የዕጢው ሕዋስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ57 እስከ 64 ብቻ ይይዛል፤ ዘረመሉም ከተሸካሚው ውሻ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 ዕጢዎች ተመርምረው ሁሉም ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት በእስያ ከኖረ አንድ እንስሳ የመነጩ መሆናቸው ታወቀ። ያ እንስሳ ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ሕዋሱ ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ እስከ ዛሬ ይኖራል። በተፈጥሮ እንዲህ የሚተላለፍ ካንሰር የሚታወቀው በውሾች፣ በታዝማኒያ ዴቭል በሚባሉት የአውስትራሊያ እንስሳትና በአንዳንድ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ላይ ብቻ ነው። ይህ ለባሕር ዳር ሐኪም የዕውቀት ጌጥ ብቻ አይደለም። ዕጢው በዓለም ዙሪያ አንድ ዘር ስለሆነ ሌላ አገር የተፈተነው መድኃኒት እዚህም በዚያው መጠን ይሠራል።

ምልክቱ ከስሪያው በኋላ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይታያል። ከወንዱ ሸለፈት ወይም ከሴቷ ብልት ደም ይንጠባጠባል፤ ውሻው ቦታውን ደጋግሞ ይልሳል። የስሪያ ደም በ6 ወር አንዴ ገደማ መጥቶ በ3 ሳምንት ውስጥ ይቆማል፤ ከዚያ ያለፈ ደም ወይም ከወንድ የሚወርድ ደም መታየት አለበት። ዕጢው ሲጀምር የባቄላ ፍሬ ያህል ቀይ እብጠት ነው፤ ሲያድግ የአበባ ጎመን መልክ ይይዛል፣ ሲነካ ይፈረፈራል፣ ይደማል። በአፍንጫ ሲሆን በአንድ ወገን መድማት፣ ማስነጠስና የፊት ማበጥ ያመጣል።

ምርመራው ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ የብልቱን ጫፍ ብቻ አይቶ «ምንም የለውም» ማለት። በወንዱ ዕጢው የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከብልቱ ሥር ስለሆነ ሸለፈቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መገፋት አለበት። በሴቷ በጓንት በተሸፈነ ጣት የብልቱ ከንፈር ተከፍቶ ውስጠኛው ወለል ይዳሰሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የውሻው አፍ በጨርቅ ይሸበባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በማስረጃ ካልተረጋገጠ፣ ወይም ጠባዩ ከተለወጠና ለሐጩ ከበዛ፣ አፉን ከፍቶ ማየት አይገባም። የዕጢ ጥርጣሬ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል አይገባም።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ዕጢው በኖርማል ሳላይን (በሕክምና የጨው ውኃ) ይታጠብና በጋዝ ጨርቅ ይደርቃል፤ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ይጫንበታል። የመጀመሪያው ህትመት ደም ብቻ ስለሚሆን ይጣላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይያዛሉ። በአየር ይደርቁና በሜታኖል ለ5 ደቂቃ ይጠነክራሉ፤ ጊምሳ የተባለው ቀለም አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ተቀላቅሎ ለ30 ደቂቃ ይቀለማሉ። በማይክሮስኮፕ ክብ ሕዋሳት፣ ትልቅ ክብ ኒውክለስ፣ በዙሪያውም እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥርት ያሉ ክፍት ነጠብጣቦች ይታያሉ። ህትመቱ ከወፈረ ሕዋሱ ተደራርቦ ከሊምፎማ (ከንፍፊት ካንሰር) ጋር ይምታታል።

መርፌው

ዋናው መድኃኒት ቪንክሪስቲን ነው። በባለሙያ እጅ፣ በደም ሥር፣ በሳምንት አንዴ ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ 0.025 ሚሊግራም ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊግራም አያልፍም። 16 ኪሎ የሚመዝን የአገር ውሻ 0.4 ሚሊግራም ይወስዳል፤ 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር ከያዘው ብልቃጥ 0.4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ ሰውየው ውሻውን ታቅፎ በሰው ሚዛን ይቆማል፤ ከዚያ የራሱን ክብደት ይቀንሳል። በዓይን መገመት አይፈቀድም፤ በዚህ መድኃኒት ትንሽ ስህተት ትልቅ ጉዳት ነው። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከብርሃን ተከልሎ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያበሰብሳል። ስለዚህ በቀጥታ በመርፌ አይወጋም፤ ካኑላ (በደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ይገባል፣ በሳላይን ይፈተናል፣ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ካኑላው ይወጣል። አንድ ጊዜ ተወግቶ የሳተ ደም ሥር በዚያው ዕለት አይሞከርም፤ ሌላ እግር ይመረጣል። የሚታገል ውሻ ማደንዘዣ ይፈልጋል እንጂ ጉልበት አይበቃውም።

ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ደም ይቆጠራል። ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮ ሊትር ከ4,000 በታች ከወረደ መርፌው 3 ወይም 4 ቀን ይቆይና መጠኑ በአንድ አራተኛ ይቀነሳል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ትውከትና ተቅማጥ ሊኖር ይችላል፤ ትኩሳትና ድካም ከታየ ግን ቀን ሳይቆጠር ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ኮሊ የተባለው የእረኛ ውሻ ዝርያና ከእሱ የተዳቀሉ ውሾች መድኃኒቱን ከአንጎልና ከሰውነት የሚያስወጣ ዘረመል ሊጎድላቸው ስለሚችል መጠኑ ለእነሱ ይቀነሳል።

አብዛኞቹ ውሾች ከ4 እስከ 8 መርፌ ይፈልጋሉ። ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት መርፌ በኋላ ደሙ ይቆማል፤ ዕጢው ግን አልጠፋም። ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ ዕጢው ተመልሶ ይመጣል፣ የቀረው ሕዋስም መድኃኒቱን ሊቋቋም ይችላል። መርፌው የሚቆመው ዕጢው በዓይንም በዳሰሳም ፈጽሞ ሲጠፋ ነው። በብራዚል በተደረገ ጥናት ዕጢው ትልቅ የሆነባቸው፣ ያረጁ፣ እንዲሁም በሙቅና ዝናባማ ወራት የታከሙ ውሾች ለመዳን ረዘም ያለ ጊዜ ወስደዋል። ቪንክሪስቲን እምቢ ካለ ዶክሶሩቢሲን የተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ መጠኑ በኪሎ ሳይሆን በሰውነት ስፋት፣ በካሬ ሜትር 30 ሚሊግራም ነው።

ዕጢውን በምላጭ መቁረጥ ወይም በጋለ ብረት መተኮስ መፍትሔ አይሆንም፤ በሐኪም ቀዶ ሕክምና እንኳ ብቻውን ሲሆን ዕጢው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጥቂት ሕዋስ ከቀረ በቂ ነው፤ ያልታጠበ መሣሪያም ሕዋሱን ወደ ቁስሉ ራሱ ይተክላል።

ከመርፌው በኋላ ለ3 ቀን ያህል በሽንትና በዓይነ ምድር መድኃኒቱ ይወጣል። ጓንት ሳይደረግ አይነካም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት እንዲያጸዱ አይደረግም። ያገለገለ ካኑላና ብልቃጥ በሐይቁ ዳርና በጎርፍ መውረጃ መጣል የለበትም፤ በጤና ተቋም ከፍተኛ ሙቀት ባለው ማቃጠያ መወገድ አለበት።

ሌሎቹ ካንሰሮች

የጡት ዕጢ ያልመከነች ሴት ውሻ ችግር ነው። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጥንድ ጡት አላት፤ የኋለኞቹ ሁለት ጥንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ። በወር አንዴ በጀርባዋ አስተኝቶ እያንዳንዱን ጡት በሁለት ጣት መዳሰስ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ከዕጢዎቹ ግማሽ ያህሉ አደገኛ ናቸው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳያልፉ የወጡት የተሻለ ተስፋ አላቸው። የጥሬ ስንዴ ያህል ሆኖ የተገኘን እብጠት «እስኪያድግ እንየው» ማለት ስህተት ነው። ስሪያን ለማስቀረት የሚሰጡ የሆርሞን መርፌዎች የጡት ዕጢን ያበዛሉ፤ ርካሽ ቢመስሉም መጨረሻቸው ውድ ነው።

የቆዳ ካንሰር በነጭ፣ ጸጉረ አጭር ውሾች ላይ ከፀሐይ ጋር ይያያዛል። የባሕር ዳር ከፍታ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከምድር ወገብም አይርቅም፤ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ የሚተኛ ነጭ ውሻ በሆዱ፣ በአፍንጫው ጫፍና በጆሮው ላይ የማይድን ቅርፊት ካወጣ ይመርመር። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ማግኘቱ ከሁሉ የሚቀድም መከላከያ ነው።

ከጥገኛ ትል የሚነሳም አለ። ስፒሮሰርካ ሉፒ የሚባለው የሞቃት አገር ትል በእበት ጥንዚዛ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ጥንዚዛውን፣ ወይም ጥንዚዛ የበላን እንሽላሊት ወይም የዶሮ አንጀት ሲበላ ይገባበታል። በጉሮሮ ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚሠራው እባጭ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። የበላውን ወዲያው የሚመልስና የሚከሳ ውሻ ዓይነ ምድሩ ለትሉ እንቁላል ይመርመር። እባጩ ካንሰር ከሆነ በኋላ ትሉን መግደል ካንሰሩን አያድንም።

ለጥበቃ የሚያዙት ጀርመን ሼፐርድና ሮትዌለር የመሳሰሉ ግዙፍ ዝርያዎች ለአጥንት ካንሰር የተጋለጡ ናቸው። ያለ አደጋ የጀመረና በማስታገሻ የማይለቅ ማንከስ ራጅ ያስፈልገዋል። ሊምፎማ ደግሞ በአገጭ ሥርና በጉልበት ኋላ ያሉት ንፍፊቶች ሳያምሙ ሲያብጡ ይጠረጠራል፤ በጥምር ኬሞቴራፒ ዕድሜ ይራዘማል እንጂ መዳን ብርቅ ነው።

ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ሲላክ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፎርማሊኑም የሥጋውን 10 እጥፍ እንዲሆን ያስፈልጋል። ወፍራም ቁራጭ መሐሉ በስብሶ ይደርሳል፤ ያ ናሙና ውጤት አይሰጥም። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ ለሚፈልግ ባለቤት የጎንደር ዩኒቨርሲቲው አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቢሾፍቱ ይገኛል።

መከላከልና ምርምር

ማምከን ሁለት በር ይዘጋል፦ የስሪያውንና የጡቱን። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ጥናት ከመጀመሪያው የስሪያ ደም በፊት የመከነች ውሻ የጡት ዕጢ ዕድሏ ካልመከነችው ዕድል 0.5 በመቶ፣ ከመጀመሪያው በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 26 በመቶ ነው ይላል። ቁጥሩ በሰፊው ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምገማ ግን ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይቷል። ለግዙፍ ዝርያ ደግሞ አጣዳፊ ማምከን ጥሩ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ከ1 ዓመት በታች የመከኑ ሮትዌለሮች የአጥንት ካንሰር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ለአገር ውሻ ከመጀመሪያው ደም በፊት ማምከኑ ያመዝናል። የተኮላሸ ወንድ ውሻም ሴት ከተሳፈረ ዕጢውን ሊይዝ ስለሚችል ማታ መልቀቁ መቆም አለበት። ለማርባት የሚገናኙ ውሾች ደግሞ ከስሪያው በፊት ብልታቸው በሐኪም መታየት ይገባዋል።

ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይን ለቁንጫና ለመዥገር ብሎ ውሻ ላይ መርጨት መቅረት ያለበት ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በስኮቲሽ ቴሪየር ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት አረም ማጥፊያ ለተረጨበት ሣር መጋለጥን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞታል።

ባለቤት አልባ ውሾችን መግደል ዕጢውን አያጠፋም፤ በተለቀቀው ቦታ ሌላ ይገባል፣ እሱም ሳይከተብና ሳይመረመር። የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ቢያንስ 70 በመቶው ውሻ መከተብ እንዳለበት ይታወቃል። ያንኑ የክትባት ቀን ለማምከንና ብልትን ለመመልከት መጠቀም ወጪውን ያቀላል፤ ውሻው አንዴ ከተያዘ ሦስቱም በአንድ ቦታ ይሠራሉ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ምርምሩ ፈጥኗል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ለውሻ ካንሰር ብቻ የተሠራውን የመጀመሪያ መድኃኒት ቶሰራኒብን ፈቅዳለች፤ በ2020 ደግሞ በዕጢው ውስጥ የሚወጋ ቲጂላኖል ቲግሌትን። በ2012 የጀመረው ጥናት ከ3,000 በላይ ጎልደን ሪትሪቨሮችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ይከታተላል። በ2019 ደግሞ በ800 ጤነኛ ውሾች ላይ የካንሰር መከላከያ ክትባት ሙከራ ተጀምሯል። እኛን የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ግኝት ነው፦ ቪንክሪስቲን በስሪያ የሚተላለፈውን ዕጢ ሲያጠፋ ሕዋሱን ከመግደል ባሻገር የውሻውን የመከላከል ኃይል ይቀሰቅሳል። የደከመ፣ የተራበና በትል የተሞላ ውሻ ቀስ ብሎ የሚድነው በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የትል መድኃኒትና የሁለት ሳምንት በቂ ምግብ መስጠት ተገቢ ነው።

ዕጢው ከጠፋ በኋላ ውሻው በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ተመልሶ ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ከስሪያ ይጠበቃል። ቀኖቹ በክትባት ካርዱ ጀርባ ይጻፉ፤ ለብቻው የተሰጠ ወረቀት ይጠፋል።